የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የስቴት የአየር ንብረት ሕግ ጥርሱ የት ላይ ነው?

በዛሬው የአድማጮች ክፍለ ጊዜ አብዛኞቹ ደዋዮች የጠየቁት የአሜሪካ ስቴቶች ስለሚያወጧቸው የአየር ንብረት ሕጎች ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ መልሰናል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የፌዴራል መንግሥቱ ከዚህ ጉዳይ እጁን እየሰበሰበ ነው። ስቴቱ ለብቻው ምን ሥልጣን አለው?

ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ አለው። በ1935 በወጣው የፌዴራል የኃይል ሕግ መሠረት ፌዴራሉ የሚቆጣጠረው በጅምላ የሚሸጠውን ኤሌክትሪክና በስቴቶች መካከል የሚተላለፈውን ነው። ጣቢያው በፀሐይ ይሥራ በድንጋይ ከሰል፣ እርስዎስ በወር ምን ያህል ይክፈሉ የሚለው በዋናነት የስቴቱ ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ በ2020 ሁለቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቿ፣ ዶሚኒየን እስከ 2045፣ አፓላቺያን ፓወር ደግሞ እስከ 2050 ኤሌክትሪካቸውን ከካርበን ነፃ እንዲያደርጉ ያስገደደችው በዚህ ሥልጣን ነው።

መኪና ላይ ግን የስቴቶች እጅ አጭር ነው። ከፌዴራሉ የጠበቀ የጭስ መስፈርት ለማውጣት ፈቃድ መጠየቅ የምትችለው ካሊፎርኒያ ብቻ ስትሆን ሌሎቹ የእሷን ይቀዳሉ። ዋና ዋናዎቹን ፈቃዶች ደግሞ ኮንግረስ በ2025 ሽሯቸዋል፤ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። የጋዝ ጉዳይም ወጥመድ አለው። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ የጋዝ ቧንቧ ብትከለክል፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 ከፌዴራል የዕቃዎች ኃይል ቁጠባ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ውድቅ አድርጎባታል። ስለዚህ ብልህ የሕግ ረቂቅ የጋዝ ምድጃውን አይነካም፤ የሕንፃውን አጠቃላይ የጋዝ ልቀት (ወደ አየር የሚለቀውን) ይለካል። የሜሪላንድ የ2022 ሕግ ከ35,000 ስኩዌር ጫማ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች ላይ ያተኮረው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ሁሉም ስቴት "በ2045 የካርበን ልቀታችን ዜሮ" ይላል። የምሩን ከወሬው በምን እለያለሁ?

ዓመተ ምሕረቱን ይዝለሉት። በ2045 ዛሬ ከፈረሙት አብዛኞቹ ሥልጣን ላይ አይኖሩም። ረቂቁን ከፍተው መጀመሪያ የሚፈልጉት ግሱን ነው፦ "ሻል" ካለ ግዴታ ነው፣ "ሜይ" ካለ ፈቃድ ነው፣ "ጎል" ካለ ምኞት ነው። ቀጥሎ ግዴታው ያረፈበትን አካል ይፈልጉ። "ስቴቱ ይቀንሳል" ሲባል ማንም አይጠየቅም፤ "የኤሌክትሪክ ኩባንያው ይቀንሳል" ሲባል ግን ተጠያቂው ይታወቃል። ከዚያ የመሃል ቀን አለው ወይ? ሜሪላንድ በ2031 የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን ከ2006 መጠን 60 በመቶ መቀነስ አለባት፤ ይህ በቅርብ ሊጠየቁበት የሚችል ቀን ነው።

ቅጣቱን ደግሞ በዶላር ይፈልጉት። በቨርጂኒያ ሕግ ኩባንያው ከታዳሽ ኃይል ግዴታው ለሚጎድለው ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት መነሻው 45 ዶላር የሆነና በየዓመቱ 1 በመቶ የሚያድግ ክፍያ ይከፍላል። ይህ መስመር ሲኖር የኩባንያው ሒሳብ ሠራተኛ ቅጣቱን ከመክፈል ሶላር መትከሉ ይረክሳል ወይ ብሎ ያሰላል። ሕጉ የሚሠራው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ደንቡን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ነው። ካሊፎርኒያ በ2006 ሕጓን ስታወጣ ለአየር ቦርዷ ደንብ የማውጣት ሰፊ ሥልጣን ሰጠች፤ የ2020ውን የልቀት ቅነሳ ግብ በ2016 ደረሰችበት። ኒውዮርክ በ2019 ያወጣችው ሕግ በወረቀት ከሁሉም ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነገር ግን እስከ 2024 መጀመሪያ መውጣት የነበረበት ዋናው ደንብ ቀኑ አለፈበትና ነገሩ ወደ ክስ ሄደ። ሕግ ያለ ደንብ በቅሎ ያለ ልጓም ነው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ የመብራት ሂሳባችን የናረው በእነዚህ ሕጎች ምክንያት ነው ይባላል።

በጥቂቱ እውነት ነው፤ ለፕሮግራሞች የሚሰበሰብ ክፍያ በሂሳቡ ውስጥ አለ። ትልቁ ጭማሪ ግን ከሌላ በኩል ነው የመጣው። ሜሪላንድ ፒጄኤም የሚባለው የ13 ስቴቶችና የዲሲ የኤሌክትሪክ ኔትወርክ አካል ናት። ፒጄኤም ኃይል አምራቾች በችግር ቀን ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ በጨረታ ይከፍላል። ዋጋው ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር ነበር፤ ከሰኔ 2025 ጀምሮ 269.92 ሆነ። የዳታ ማዕከላት ፍላጎት ጨምሯል፣ አሮጌ ጣቢያዎች እየተዘጉ ነው፣ አዲስ ሶላርና ባትሪ ደግሞ ከመስመር ለመገናኘት ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል።

በእኛ ግምት እንግዲህ ለምክር ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ማስተላለፊያ መስመር ነው፤ አሰልቺ ርዕስ ቢሆንም። ቴክሳስን ይመልከቱ። በ2005 ባወጣችው ሕግ ተመርታ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ 3,600 ማይል ያህል መስመር ዘረጋች፤ የምዕራቡ ነፋስ ወደ ከተሞቹ ደረሰ። በአገሪቱ ከፍተኛውን የነፋስ ኃይል የምታመነጨውም እሷው ናት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አፓርታማ ተከራይ ነኝ፣ ጣሪያ የለኝም። ለእኔ ምን አለ?

ኮሚዩኒቲ ሶላር። ሜሪላንድ በ2023 ቋሚ አድርጋዋለች፤ ከምርቱ ቢያንስ 40 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው መድረስ አለበት። ሌላ ቦታ ካለ የሶላር ማሳ ድርሻ ይይዛሉ፣ ድርሻዎ ያመነጨው በመብራት ሂሳብዎ ላይ በክሬዲት ይታሰብልዎታል። ለምሳሌ ድርሻዎ በወር 400 ኪሎዋት ሰዓት ቢያመነጭና ክሬዲቱ 15 ሳንቲም ቢሆን 60 ዶላር ከሂሳብዎ ይቀነሳል፤ ቅናሹ 10 በመቶ ከሆነ ለሶላሩ ድርጅት 54 ይከፍላሉ፣ 6 ዶላር ይተርፍዎታል።

ስህተት የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሂሳብ ስለሚመጣ ሰው ሁለት ጊዜ የከፈለ ይመስለዋል፤ ክሬዲቱ የሚታየው በመብራት ኩባንያው ሂሳብ ላይ ነው። የሁለቱ ሂሳቦች ወራት እኩል ላይሄዱ ስለሚችሉ ከመደናገጥዎ በፊት ሦስት ወር ያስተያዩ። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ በር እያንኳኳ "ንጹሕ ኤሌክትሪክ" የሚሸጥ ሁሉ ኮሚዩኒቲ ሶላር አይደለም። ሌላ የኤሌክትሪክ አቅራቢ ሊሆን ይችላል፣ ከመብራት ኩባንያው መደበኛ ዋጋ በላይ የሚያስከፍልም አለ። የሜሪላንድ የ2024 ሕግ በእነዚህ አቅራቢዎች ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል፤ ያም ሆኖ ውሉን ሳያነቡ የሂሳብ ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ። ከመፈረምዎ በፊት ቅናሹ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመውጫ ክፍያ መኖሩን፣ ቤት ቢቀይሩ ድርሻው አብሮዎት መሄዱን ይጠይቁ። በአንድ የመብራት ኩባንያ ክልል ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይዛወራል፤ ከክልሉ ሲወጡ ግን ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቀርቦ መናገር ለእኛ ይቻላል?

ለማንም ክፍት ነው፤ ዜግነት አይጠየቅም። ጊዜውን ግን ይወቁ። የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው፣ ከጥር ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ። በመጋቢት አጋማሽ ረቂቆች ከአንዱ ምክር ቤት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ዋናው መከራከሪያ አልፏል። ረቂቁ ወደ የትኛው ኮሚቴ እንደተመራ በድረ ገጹ ላይ ይታያል፤ አካውንት ከፍተው ለምስክርነት አስቀድመው ይመዝገቡ፣ መመዝገቢያው ቶሎ ይዘጋል።

የሚሰጥዎት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። የረቂቁን ቁጥር፣ የሚኖሩበትን አካባቢ፣ ከሂሳብዎ ላይ አንድ ቁጥር ይናገሩ፤ የቀረውን ደቂቃ በገጽና በመስመር ለይተው አንዲት ማሻሻያ ለመጠየቅ ያውሉት። "ገጽ 4፣ መስመር 12 ላይ ያለው 'ሜይ' ወደ 'ሻል' ይለወጥ" ማለት በቂ ነው።