ጉላብ ጃሙኑን አትንኩት፣ ሽሮፑን ቀይሩት (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ፕሮግራም ላይ የህንዶቹን ጉላብ ጃሙን (ከዱቄት ወተት ተድቦልቡሎ ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረውን ጣፋጭ) በሞሮኮና በቱኒዚያ ሽታ እንደምሰራው ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ ስልኩ አላርፍ አለ፣ ስለዚህ የዛሬው ሙሉ በሙሉ ለሱ ነው። ዱባይ ሆቴል ኪችን ስሰራ አንድ ጎኔ የህንድ ጣፋጭ ሰሪ ሌላ ጎኔ ሞሮኳዊት ነበረች፣ እኔ መሀል ሆኜ ሁለቱንም እሰርቅ ነበር፣ ነገሩ የመጣው ከዛ ነው።

ጠያቂ ከሸርጃ፦ ሼፍዬ ሰላም ነሽ? ጉላብ ጃሙን መስራቱን እችላለሁ፣ ግን ሰሜን አፍሪካ ሰሜን አፍሪካ እንዲል ምኑን ነው የምቀይረው?

የኔ እህት፣ ኳሷን አትንኪያት። ሰው ሲጀምር ቀረፋውን፣ አኒሱን፣ ራስ ኤል ሃኑቱን (የሞሮኮዎቹን የቅመም ድብልቅ) ሁሉ ሊጡ ውስጥ ይሞጅራል፣ ከዛ የሚበላው ጣፋጭ ሳይሆን ወጥ የነካው ዳቦ ይሆናል። ለውጡ ያለው ሽሮፑ ላይ ነው። ጉላብ ማለት እኮ ራሱ በፋርስኛ የጽጌረዳ ውሃ ማለት ነው፣ ጃሙን ደግሞ ህንድ የሚበቅል ፍሬ ነው፣ ስለዚህ ስሙ ውስጥ ያለውን ሽታ ነው የምንቀይረው። በጽጌረዳው ፋንታ የብርቱካን አበባ ውሃ (አረቦቹ ማ ዘሃር የሚሉት፣ ከኮምጣጣው ብርቱካን አበባ የሚጣራ፣ ቱኒዚያ ውስጥ ናቡል የሚባለው ከተማ ይታወቅበታል)።

አንድ ተኩል ኩባያ ስኳር በሁለት ኩባያ ውሃ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 8 ደቂቃ ይፍላ። እንዳይረጋና ስኳር እንዳይሰራ ትንሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ካወረድሽው በኋላ ግማሽ ኩባያ ማር፣ ከዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ የአበባ ውሃ። አደራ እሳት ላይ እያለ አታድርጊው፣ ሽታው በእንፋሎት ወጥቶ ጎረቤት ነው የሚሸተው። ኳሶቹን ከሽሮፑ ስታወጪ የተቆላ ሰሊጥ ላይ አንከባሊያቸው፣ ይሄ ከሞሮኮዎቹ ሸባኪያ የተወሰደ ነው፣ እነሱም ጠብሰው ማር ውስጥ ነክረው ሰሊጥ ነው የሚበትኑበት።

ጠያቂ ከአዲስ አበባ፣ ጎሮ፦ የኔ ውጪው ቡናማ ሆኖ ውስጡ ድንጋይ ነው፣ ሶስቴ ሞክሬ ሶስቴ ጣልኩት።

አይ ወንድሜ፣ ጥፋቱ 90 ፐርሰንት ዘይትህ ነው። ሁላችንም የለመድነው ሳምቡሳ መጥበስ ስለሆነ ዘይቱ ጭስ እስኪል ነው የምንጠብቀው፣ እዚህ ግን ለስለስ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው፣ ቴርሞሜትር ካለህ 135 እስከ 140 ዲግሪ። ከሌለህ ትንሽ ሊጥ ጣል አድርግ፣ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ቀስ እያለ መውጣት አለበት፣ ወዲያው ከተንሳፈፈ ሙቀቱ በዝቷል። የዱቄት ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ነው የሚቀላው፣ ስለዚህ ውጪው ያታልልሃል። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ዘይቱን እያማሰልክ ታግሰህ ጥበሰው።

ሁለተኛው ማሸት ነው። አንድ ኩባያ የዱቄት ወተት፣ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ከዛ ወተት በማንኪያ በማንኪያ እስኪሰበሰብ ብቻ። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሸው፣ ይጠነክራል። እጅ ላይ ትንሽ መጣበቅ አለበት፣ 10 ደቂቃ ሲያርፍ ይስተካከላል። ሲድቦለቦል ከተሰነጣጠቀ ደርቋል ማለት ነው፣ ትንሽ ወተት ጨምርበት። ሽሮፑ ደግሞ ለብ ያለ እንጂ የሚፈላ አይሁን፣ በጣም ከወፈረ ውስጥ አይገባም። ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፣ ስለሚያብጥ ኳሱን ትንሽ አድርገው።

ቅቤ ስል ግን ያልተቀመመ ቅቤ ማለቴ ነው ሃሃ። አንዷ ባለፈው በንጥር ቅቤ ሰራሁት ብላ ደወለች፣ በሶብላና ኮሰረት ያለበት ጉላብ ጃሙን፣ እግዜር ይይላት።

ጠያቂ ከዋሽንግተን፦ የህንድን ነገር ከአረብ ጋ መቀላቀል ነውር አይሆንም? ባለቤቱ ቢሰማ?

ኧረ ባለቤቱም የተቀላቀለ ነው። ህንዶቹ ጃለቢ የሚሉት የተጠማዘዘው ጣፋጭ እናቱ የአረቦቹ ዘላቢያ ናት፣ ስሙን ራሱ እዩት። ከዛ ወገን ተጉዞ ነው ህንድ የገባው። አልጄሪያና ቱኒዚያ ደግሞ ዛሬም ረመዳን ሲመጣ ዝላቢያ ተደርድሮ ይሸጣል። ስለዚህ እኛ አዲስ ነገር አልፈጠርንም።

ጠያቂ ከአዳማ፦ ጾም ላይ ነን እኮ፣ ይሄ ሁሉ ወተት ምን ይሁን?

ለጾም ጉላብ ጃሙንን በአኩሪ አተር ወተት ከምትታገዪ ዝም ብለሽ ወደ መቅሩድ ሂጂ፣ የቱኒዚያዎቹ፣ በተለይ ቃይራዋን ከተማ የሚታወቅበት። ሁለት ኩባያ ሰሚድ (ሻካራ የስንዴ ዱቄት፣ ሴሞሊና የሚሉት) በግማሽ ኩባያ ዘይት አሽተሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፊው፣ ከዛ ለብ ባለ ውሃ እየረጨሽ ሰብስቢው። ውስጡ የተፈጨ ቴምር በቀረፋ። ቴምሩን እንደ ገመድ አድርገሽ ጠቅልይበት፣ ጠፍጠፍ አድርገሽ በሰያፍ ቁረጪ፣ ጥበሺ፣ እዛው ማር ያለበት ሽሮፕ ውስጥ ንከሪው። ሲሸት ያው የጉላብ ጃሙናችን ዘመድ ነው።

(ቴምሩን የምትወዱ፣ ለፍስኩም ቢሆን ሽምብራ የምታክል አድርጋችሁ ጉላብ ጃሙኑ መሀል ቅበሩት። አልመንድም ይሆናል፣ እኛ ጋ ለውዝ ሲባል ኦቾሎኒ ይዞ የሚመጣ ስላለ ነው አልመንድ ያልኩት።)

ጠያቂ ከባህር ዳር፦ ሄል ከሌለኝ ኮረሪማ ላድርግበት? የአበባ ውሃውም እዚህ የለም።

ኮረሪማና ሄል ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፣ ኮረሪማ ከበድ ያለ ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለው። ግን ለዚህ ሽሮፕ ሄሉን ጭራሽ ተዪው፣ ከአበባው ውሃ ጋር ይጣላል። የአበባው ውሃ የአረብ እቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ነው የሚገኘው፣ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጪ። እስከዛ የብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩን ሳትነኪ፣ ሽሮፑ ውስጥ አፍልተሽ አውጪው። ሽታው ያው የፍሬ ነው፣ የአበባ አይደለም፣ ግን ከማሩ ጋር ይስማማል፣ እኔም ሲያልቅብኝ እንደዛ ነው የማደርገው።