ድጋፉ ተያይዞ ይምጣ፦ በአነስተኛ አምራቾች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣
ክቡራን የክፍለ ከተማና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ከብድርና ቁጠባ፣ ከካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማትና ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የሥራ ቀናችሁን ትታችሁ በዚህ ጉባኤ ላይ ስለተገኛችሁ በማኅበሩ የሥራ አመራር ቦርድ ስም የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሰው የሚሠራበትን ሼድ አንድ ቀን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዩ በቀጥታ እገባለሁ።

ቦርዱ የዘንድሮው ጉባኤ እንዲወያይበት የመረጠው ከተማ አስተዳደሩ እስከ ወረዳ ባለው መዋቅሩ አማካይነት ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለእኛ ምንም አልተደረገም ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር እውነቱን አይናገርም። የመስሪያ ቦታ ተሰጥቷል፣ ብድር ተለቅቋል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል፣ የገበያ ትስስርም ተፈጥሯል። ችግሩ እነዚህ አራቱ በተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ ቢሮ፣ አንዱ የሌላውን ቀን ሳያውቅ መምጣታቸው ነው። ቦታው ማሽኑን ሲጠብቅ፣ ማሽኑ መብራት ሲጠብቅ፣ ምርቱ ገዢ ሲጠብቅ ብድሩ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ወለዱ በየወሩ ይቆጥራል።

ይህ ከመነሻው እንዲህ እንዳልነበረ ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። አገራችን የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ያወጣችው በኅዳር 1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዘርፉን የሚመራ የፌዴራል ኤጀንሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 33/1990 ተቋቋመ። ስትራቴጂው በተጨባጭ ሲሠራ ያየነው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ነው። ያን ጊዜ ብሎኬት ለማምረት የተደራጀ ወጣት የማሽን ብድር ከመፈረሙ በፊት ብሎኬቱን ማን እንደሚገዛው ያውቅ ነበር፤ ቦታው እዚያው ሳይቱ አጠገብ ነበር፤ ሥልጠናውም በሚሠራው ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ ድጋፍ ብረት የሚሠሩትም እንዲሁ። በኋላ የመጣው የኮብልስቶን ሥራ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ፤ ድንጋዩን የሚጠርበው ሰው መንገዱ የት እንደሚነጠፍ አውቆ ነበር መሮ ያነሳው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

በእርግጥ ያ አሠራር የራሱ ጉድለት ነበረበት። ገዢው አንድ ብቻ ስለነበር የቤት ግንባታው በቀዘቀዘ ጊዜ ሌላ ደንበኛ ያላበጁት ማኅበራት ፈርሰዋል፤ ማሽናቸውንም በርካሽ የሸጡ አሉ። ይሁንና ድጋፎቹ በአንድነትና በቅደም ተከተል ሲመጡ ምን ያህል ኃይል እንዳላቸው ያሳየን ያ ዘመን ነው። የዛሬው ጥያቄያችንም መነሻው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያለው አሠራር የት ላይ እንደሚበጠስ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከአባሎቻችን መካከል አምስት ሆነው በብረታ ብረት ሥራ የተደራጁ ወጣቶች አሉ። በደንቡ መሠረት የማሽኑን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥበው ቀሪውን 80 በመቶ በካፒታል ዕቃ ሊዝ፣ ማለትም ተቋሙ ማሽኑን ገዝቶላቸው እነሱ በየጊዜው እየከፈሉ በሚጨርሱት ኪራይ፣ አግኝተው የላሜራ መቁረጫና ማጠፊያ ማሽን ተረከቡ። ማሽኑ የሚሠራው ለከባድ ማሽን በሚሆነው በሦስት ፌዝ መብራት ነው፤ ሼዱ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ግን የአንድ ፌዝ ነው። ሦስት ፌዝ ለማስገባት የቦታው ባለመብት መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቁ፤ ሼዱ የመንግሥት ስለሆነ ማስረጃው ሊወጣ የሚችለው ቦታውን ከሚያስተዳድረው ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ የታደሰ የኪራይ ውል ካላየ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ውሉ እንዳይታደስ የሼዶች ቆጠራ እየተካሄደ ነበር። እኔ ሼዳቸውን በጎበኘሁ ጊዜ ማሽኑ ገና ከመብራት ጋር አልተገናኘም ነበር። ልጆቹ ዝገት እንዳይበላው በየሳምንቱ ዘይት ይቀቡታል፤ ከጎኑ ቁጭ ብለው ላሜራውን በመቀስና በመዶሻ ይሠራሉ። ትእዛዝ ሲበዛባቸው ጄኔሬተር ይከራያሉ፤ የነዳጁ ወጪም ትርፋቸውን ይበላዋል። የሊዝ ክፍያው ጊዜ ግን ደርሷል።

እዚህ ላይ ማንም ጥፋተኛ ነው አልልም፤ እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን መመሪያ አክብሯል። ማሽኑን ያቀረበው ተቋም ግዴታውን ተወጥቷል፤ ማስረጃ የጠየቀውም ሕጉ የሚለውን ነው የጠየቀው። የጎደለው ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት ወረዳው፣ የሊዝ ተቋሙና መብራት የሚያስገባው አካል በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ የጊዜ ሰሌዳ የሚፈርሙበት አሠራር ነው። በየወረዳው የተቋቋመው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ለዚህ የታሰበ ነበር። ንግድ ፈቃድና የግብር መለያ ቁጥር በማውጣት ረገድ ብዙ አቅልሎልናል፤ ይህን ልንክደው አንችልም። ከምዝገባ በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ ግን ከማዕከሉ ውጭ ቀርቷል።

ሌላው ነገር የተቋማት ስም መለዋወጥ ነው። ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የመራው አካል በየጊዜው እየተከፈለና እየተዋሐደ ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሟል፤ የከተማችን መዋቅርም ይህንኑ ተከትሎ ተስተካክሏል። ለውጡ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መዋቅር በተቀየረ ቁጥር የአባሎቻችን ማኅደር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር፣ የኢንተርፕራይዙ የዕድገት ደረጃ ጀማሪ ይሁን ታዳጊ ወይም የበቃ የሚገልጸው ሰነድ ይጠፋል፤ አዲስ የተመደበው ባለሙያም ከመጀመሪያው ይጠይቃል። የኢንተርፕራይዙ ታሪክ በባለሙያው ማስታወሻ ደብተር ላይ መንጠልጠሉ ሊበቃ ይገባል።

ስለ ገንዘብ አቅርቦት ጥቂት ልበል። ከማሽን ይልቅ ሁላችንም የሚያንሰን የሥራ ማስኬጃ ነው። ለዚህ ብድር የሚጠየቀው ዋስትና አሁንም በአብዛኛው ደመወዝተኛ ዋስ፣ የቤት ካርታ ወይም የቡድን ዋስትና ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ግን ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማሽን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ጭምር በመዝገብ ተይዞ ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። ሕጉ እያለ አባሎቻችን ዛሬም ዋስ የሚሆናቸው ዘመድ ፍለጋ ይዞራሉ። ከፋይናንስ ተቋማት የመጣችሁ ባለሙያዎች በከሰዓቱ ውይይት ይህን ነጥብ ሳታልፉ እንድትመልሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የማሽን ዋጋ የሚገምተው ማን ነው? ግምቱስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ለዚህ መልስ ከተገኘ የብዙ ሰው ችግር ይቃለላል።

የብድር ጣሪያውና የካፒታል መለኪያውም በየጊዜው መታየት አለባቸው። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ጥቃቅን የሚለው እስከ 100 ሺህ ብር ጠቅላላ ካፒታልና እስከ 5 ሠራተኛ ያለውን፣ አነስተኛ የሚለው ደግሞ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ካፒታልና ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ ያለውን ነበር። ያ ገንዘብ ያን ጊዜ ይገዛ የነበረውን ዛሬ አይገዛም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ላሜራ፣ ክርና ኬሚካል ምን ያህል እንደተወደደ እያንዳንዳችሁ በደረሰኛችሁ ላይ አይታችኋል። ሰው ሳይጨምር፣ ምርት ሳይጨምር፣ የዋጋ ንረቱ ብቻ ካፒታሉን በወረቀት ላይ ያሳበጠበት አነስተኛ አምራች ከድጋፍ ማዕቀፉ መውጣት የለበትም።

ወደ ገበያ ልምጣ። የመንግሥት ግዥ ለእኛ ትልቁ በር ነው። ያደራጀን አካል በሚጽፍልን የዋስትና ደብዳቤ ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ ሳናስይዝ መወዳደር መቻላችን ብዙዎቻችንን ለዚህ አብቅቶናል። ነገር ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ጨረታው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከማቻል። የተማሪ ጠረጴዛና ወንበር ስምንት ወር ሙሉ የሚጠይቅ ሳይኖር ቆይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቅርቡ ይባላል። ማታ ጭምር ተሠርቶ ይደርሳል፤ ዕቃው ገቢ ከሆነ በኋላ ሒሳቡ ተዘግቷል ተብሎ ክፍያው ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። በአቅራቢው እጅ ያለው ደግሞ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ በእሱ ላሜራ አይገዛም፣ ደመወዝ አይከፈልም። ግዥ ፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የግዥ ዕቅዳቸውን በመስከረምና በጥቅምት ለወረዳው ቢያሳውቁ፣ እኛም ምርታችንን በዓመቱ ላይ ማከፋፈል እንችላለን። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ባዛርና ኤግዚቢሽን ለአልባሳትና ለምግብ አቅራቢዎች በበዓል ሰሞን ጥሩ ገቢ ያስገኛል፤ ብረትና እንጨት ለሚሠራ ግን ድንኳን ውስጥ አንድ ሳምንት መቀመጥ የገበያ ትስስር ተብሎ በሪፖርት ሊቆጠርለት አይገባም።

የተከበራችሁ አባላት፣ መንግሥትን የምንጠይቀውን ያህል ራሳችንንም መጠየቅ ግዴታችን ነው። በማኅበር ስም የተሰጠ ሼድ ለሦስተኛ ወገን ሲከራይ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናውቃለን ስል በዝምታ እናልፋለን ማለቴ ነው። አንድ ሼድ በድብቅ በተከራየ ቁጥር ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ቡድን ይቀራል፤ ቆጠራውና የውል እድሳቱ መዘግየትም የሚመጣው ከዚሁ ጥርጣሬ ነው። የሒሳብ መዝገብ አለመያዛችንም እንዲሁ ብዙ አሳጥቶናል። ሽያጩን በደብተር ያልመዘገበ ሰው በግብር ሰዓት በቁርጥ ይገመትበታል፣ በብድር ሰዓት ደግሞ የሚያሳየው ነገር የለውም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ሼዳችን ድረስ መጥተው የሚሰጡትን የካይዘን (አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) እና የሒሳብ አያያዝ ድጋፍ «ሥራ ያስፈታል» ብለን የመለስንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ከዚህ ጉባኤ በኋላ ይህ መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ።

በእነዚህ ምክንያቶች ቦርዱ ሦስት የውሳኔ ሐሳቦችን ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ በሊዝ ማሽን የሚታዘዝለት ማንኛውም አባል ከትእዛዙ በፊት የቦታ ውሉና የመብራት አቅሙ በወረዳው ፊት ተረጋግጦ፣ የክፍያው ጊዜ ማሽኑ ሥራ ከጀመረበት ቀን እንዲቆጠር ከሚመለከታቸው ተቋማት ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንዲፈረም ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ የእያንዳንዱን አባል ማኅደር ቅጂ በራሱ ጽሕፈት ቤት እንዲይዝ ነው። ሦስተኛው ሼዱን ለሌላ ያከራየ አባል ከማኅበሩ የሚታገድበትን የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ይመለከታል፤ በዚህ ላይ የተለያየ አስተያየት እንዳለ ስለማውቅ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትከራከሩበት እፈልጋለሁ።

የውሳኔ ሐሳቦቹ በጽሑፍ ተባዝተው በእጃችሁ ይገኛሉ። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ሲሆን፣ ከወረዳ የመጣችሁ ኃላፊዎች እስከዚያ ድረስ አብራችሁን እንድትቆዩ እለምናለሁ፤ ጥያቄዎቹ በአብዛኛው ለእናንተ የሚቀርቡ ናቸውና። የማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።