ያው አጥንት፣ ሦስት ዕድሜ (የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጎን ቦታ አለ።

ከዚህ ከአራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድረስ በእግር ትንሽ መንገድ ነው። ባለፈው ወር ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ሉሲ ጋ ሲደርሱ እንደተለመደው ተጋፉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ወደ ኋላ ቀርታ ስልኳን ታያለች።

«ቲቸር፣ ስለ ኦሞ ኪቢሽ ሰው ደብተሬ ላይ 195 ሺህ ዓመት ብዬ ጽፌአለሁ። እዚህ ደግሞ 230 ሺህ ይላል። የቱ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ። በደቡብ ኢትዮጵያ ኦሞ ወንዝ አካባቢ የተገኘውን የጥንት ሰው አጥንት ማለቷ ነው።

እዚያው ቆመን ስናወራ የጉብኝቱ ሰዓት አለቀ። ጥያቄዋ ግን ከራሴ አልወጣም፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ኔቸር የሚባለው ሳምንታዊ የሳይንስ መጽሔት ለንደን ውስጥ መታተም የጀመረው በ1869 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የኦሞ ኪቢሽ አጥንቶች በ1967 ተገኙ፣ በ1969 እዚሁ መጽሔት ላይ ወጡ። ያኔ 130 ሺህ ዓመት ገደማ ተብለው ተገመቱ። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች ልኬቱን ደግመው ወደ 195 ሺህ አደረሱት። በ2022 ደግሞ ሦስተኛው ቁጥር መጣ። መጽሔቱ ያው ኔቸር፣ አጥንቱም ያው አጥንት።

ሦስተኛው እንዴት እንደተገኘ ስሙልኝ። ከአጥንቶቹ በላይ ወፍራም የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። አመዱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ዕድሜውን በቀጥታ መለካት አልተቻለም። ተመራማሪዎቹ፣ የእኛው ጂኦሎጂስት አስፋወሰን አስራት ያለበት ቡድን፣ የአመዱን ኬሚካላዊ ይዘት ከሌሎች እሳተ ገሞራዎች ጋር አመሳከሩ። ከሻላ ጋር ገጠመ! አዎ፣ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ በስተቀኝ ያለው ሻላ። ከዚያ የሻላን ድንጋይ ለኩ፤ 233 ሺህ ዓመት ወጣ፣ 22 ሺህ ወዲህ ወይም ወዲያ። አጥንቱ ከአመዱ ሥር ስለተቀበረ ከአመዱ ይበልጣል።

ያቺ 22 ሺህ ልጅቷ ስልክ ላይ አልነበረችም። ቴሌግራም ላይ ሲደርስ የሚቀረው እንዲህ ያለው ነው። እኔን ደግሞ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አፈሩ የኛ፣ አጥንቱ የኛ፣ ወሬው ግን በአንድ መስመር ተቆርጦ ይደርሰናል።

ኔቸር አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። የሚላክለትን ጽሑፍ በዘርፉ ላሉ ባለሙያዎች ያስመረምራል፣ አብዛኛውንም ይመልሳል። እንደዚያም ሆኖ ያመልጠዋል። በ2014 መጀመሪያ ከጃፓን የመጡ ሁለት የሕዋስ ምርምር ጽሑፎችን አወጣ፤ ሌሎች ውጤቱን መድገም አቃታቸው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሁለቱም ተሰረዙ። የሚያሳፍር ነገር ነው። ግን ስረዛው በአደባባይ ስለተነገረ እኔ መጽሔቱን ይበልጥ አከበርኩት።

ትዕግሥቱንም አስቡት። ሰላም የተባለችው የሉሲ ዘር ሕፃን ቅሪተ አካል አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ በ2000 ተገኝታ ጽሑፉ ኔቸር ላይ የወጣው በ2006 ነው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አጥንቷን ከአሸዋ ድንጋዩ ለማላቀቅ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲፍቁ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ ዘንድሮ የምንሠራው አንድ ነገር ነው። በየወሩ አንድ ጽሑፍ መርጠን ከነስሌቱ፣ ከነጥርጣሬው እናነባለን። ከዚያ በሁለት ገጽ አማርኛ እንጽፈዋለን። ባዮሎጂም ጂኦሎጂም የምታስተምሩ፣ እጃችሁን እፈልጋለሁ። ቃል ሲጠፋን አማርኛ አስተማሪዎቹን እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው የ2022ቱ የኦሞ ኪቢሽ ጽሑፍ ነው፤ ተዘጋጅቷል። የምታነብልን ያቺው ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር መጥታለች። ነይ ልጄ። ማይኩን ዝቅ አድርጉላት።