በረዶው ሳይቀልጥ፦ የጎልፍ ስዊንግ የሚቀየርበት ወቅት

ብሩክ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ብሩክ ነኝ፣ ከሄለን ጋር ነው ያለሁት። እዚህ ሚኒሶታ ሜዳዎቹ ተዘግተዋል። ሚኒያፖሊስ ቴዎዶር ዊርዝ ሜዳ ላይ አሁን ኳስ የሚመታ የለም፣ በበረዶ ሸርተቴ የሚያልፍ ሰው ነው ያለው። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው፣ መጫወት በማይቻልበት በዚህ ወቅት ጎልፈኛ ምን ይሥራ የሚለውን ነው።

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን። እኔ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ስዊንግ፣ ዱላውን የምንወዘውዝበት እንቅስቃሴ፣ የሚስተካከለው አሁን ነው። በሰመር አይስተካከልም።

ብሩክ፦ ጠነከረ! በሰመር እኮ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ሬንጅ፣ ኳስ መለማመጃው ቦታ፣ የሚሄድ ሰው አለ።

ሄለን፦ ይሄዳል። ግን ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ጨዋታ አለው። ማክሰኞ አዲስ ግሪፕ፣ የዱላ አያያዝ፣ ሲሞክር ኳሱ ወደማያውቀው ቦታ ይሄድበታል። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ቲ፣ መነሻው ቦታ ላይ፣ ሰው እያየው ሲቆም ምን ያደርጋል? የለመደውን ይመታል። አይፈረድበትም። ሰውነት ሲጨንቀው የሚመርጠው የኖረበትን ነው። ግን ማክሰኞ የሠራውን ቅዳሜ ያፈርሰዋል። አሁን ቅዳሜ የለም። ስኮር የለም። እንደኛ ባሉ ሰሜናዊ ስቴቶች በብርዱ ወራት የምትጫወተው ለሃንዲካፕ፣ ለተጫዋች ደረጃ መለኪያው፣ እንኳ አይመዘገብም።

ብሩክ፦ እሺ፣ ግን ኳሱ ወዴት እንደሄደ ሳላይ ምኑን አስተካክላለሁ?

ሄለን፦ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው። ኳስ ፊትህ ካለ አሳብህ በሙሉ ኳሱ ላይ ነው። ኳስ ሲጠፋ እጅህ የት እንዳለ፣ ወገብህ የት እንዳለ ማወቅ ትጀምራለህ። ጊዜውን ደግሞ አስበው። ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሱ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጀው። የዱላው ፊትና ኳሱ የሚነካኩት ደግሞ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ገደማ ነው። በዚያ መሀል «እንዴ፣ ዱላዬ ተከፍቷል» ብለህ የምታስተካክለው ነገር የለም። አእምሮህ ሳይሰማ ኳሱ ሄዷል። ስለዚህ የሚሠራው ሁሉ ቀድሞ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ ነው መሠራት ያለበት።

ብሩክ፦ ይሄን ስትይ ኒክ ፋልዶ ትዝ አለኝ። እንግሊዛዊው።

ሄለን፦ አንሳው፣ አንሳው። ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ብሩክ፦ በፈረንጆቹ 1983 አውሮፓ ውስጥ በዓመቱ አንደኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ90፣ ስዊንጉም ለዓይን የሚያምር። ሰው ሁሉ እንደዚያ መምታት ይመኝ ነበር። እሱ ግን ጭንቅ ሲመጣ እንደማያዛልቀው ታወቀው። ዴቪድ ሌድቤተር ከሚባል አሠልጣኝ ጋር ሆኖ ስዊንጉን ከሥር ጀምሮ ቀየረው። ለሁለት ዓመት ያህል ማለት ነው። በዚያ መሀል ድል የለም። ጋዜጣው አለቀለት እያለ ነበር። ከዚያ 1987፣ ሙርፊልድ፣ ስኮትላንድ። የብሪቲሽ ኦፕን የመጨረሻ ቀን። 18 ጉድጓድ፣ 18 ፓር፤ ሁሉንም በተመደበለት የምት ብዛት ጨረሰ። አንድም ቦጊ፣ ማለት አንድ ምት የበዛበት፣ የለም፤ አንድም በርዲ፣ አንድ ምት ያነሰበት፣ የለም። ፖል አዚንገር መጨረሻ ላይ ሁለቱን ጉድጓዶች ሲያበላሽ ዋንጫው የፋልዶ ሆነ። በአጠቃላይ ስድስት ሜጀር፣ ማለት ትልልቆቹን ውድድሮች፣ አሸነፈ።

ሄለን፦ እኔን የሚገርመኝ ሁለቱን ዓመት መቻሉ ነው። ስሙ ያለው፣ ስፖንሰር ያለው ሰው ነው። ግን መሸነፉን ችሎ ቆየ። እኛ ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ከኖቬምበር እስከ ማርች «አሁን ማንም አያይህም» ብላ ትሰጠናለች። ይሄን ጊዜ ሶፋ ላይ ማሳለፍ ያሳዝነኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

ብሩክ፦ እሺ ከየት እንጀምር? አብዛኛው አድማጫችን ስላይስ ነው የሚያስቸግረው። ኳሱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዛፍ ውስጥ መግባት።

ሄለን፦ መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። በቀኝ እጅ ለሚመታ ሰው ነው የማወራው። ኳሱ በየት በኩል እንደሚነሳ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። በአየር ላይ የሚታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና ዱላው የሚሄድበት መንገድ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው። ፊቱ ከመንገዱ አንፃር ወደ ቀኝ ከተከፈተ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ቀኝ ስለሚሄድበት ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ዱላውም ይባስ ወደ ግራ ይጎትታል። በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ስላይሱም ይብሳል።

ብሩክ፦ ማለት ማስተካከያው ራሱ በሽታውን ያሳድገዋል።

ሄለን፦ አዎ። ስለዚህ መጀመሪያ የዱላውን ፊት መዝጋት መማር ነው። ያ ደግሞ ከግሪፕ ይጀምራል። ግራ እጅህን ዱላው ላይ አድርግና ወደ ታች እይ። ስንት የጣት አንጓ ይታይሃል?

ብሩክ፦ አሁን... አንድ።

ሄለን፦ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል መታየት አለበት። ዱላው በመዳፍህ መሀል ሳይሆን ወደ ጣቶችህ ሥር ይተኛ። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሀል የሚሠራው መስመር ወደ ቀኝ ትከሻህ ይጠቁም። ቀኝ እጅህም እንደዚያው። አሁን ምን ይሰማሃል?

ብሩክ፦ የሰው እጅ ነው የሚመስለኝ። ኳሱን ወደ ግራ ጎረቤት ቤት የምልከው መሰለኝ።

ሄለን፦ በቀኙ ሲጎርስ የኖረን ሰው በግራህ ጉረስ ብትለው እንደዚያ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው በሰመር የማይሆነው። አሁን ግን ምን ታደርጋለህ መሰለህ? አንድ አይረን፣ የብረት ራስ ያለውን ዱላ፣ ሳሎን አስቀምጥ። ቴሌቪዥን እያየህ አንሳው፣ በትክክል ያዘው፣ አስቀምጠው። እንደገና። አትምታ። መያዝ ብቻ። እጅህ ሳያይ ትክክለኛውን ቦታ እስኪያገኝ።

ብሩክ፦ ሳሎን ውስጥ ስዊንግስ? አፓርታማ የሚኖር ሰው ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መብራትም አለ።

ሄለን፦ ሙሉ ስዊንግ ማን አለ? ዊጅ የሚባለው አጭር ዱላ፣ አለዚያም ጃንጥላ ይበቃል። ልጆች አጠገብ አለመኖራቸውን ግን እዩ። እኔ በጣም የምወደው የግድግዳውን ልምምድ ነው። ዱላ እንኳ አይፈልግም። ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ እንደ ጨዋታ ጎንበስ ትላለህ። መቀመጫህ ግድግዳውን ለስለስ አድርጎ ይንካ። እጆችህን ደረትህ ላይ አጣምር። አሁን እንደ ባክስዊንግ፣ ዱላውን ወደ ኋላ እንደምታነሳ፣ ወደ ቀኝ ዙር። የቀኝ መቀመጫህ ግድግዳው ላይ መቅረት አለበት። ከዚያ ወደ ግራ ስትዞር የግራው ይተካዋል። በመሀል ሁለቱም ግድግዳውን ከለቀቁ ወገብህ ወደ ኳሱ ሸሽቷል ማለት ነው።

ብሩክ፦ ቢሸሽስ?

ሄለን፦ ለእጅህ ቦታ ያጣል። ቦታ ሲያጣ ሰውነት ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ እጅም ኳሱን ለማግኘት የማዳን ሥራ ይጀምራል። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ በዱላው አንገት ትመታለህ። ብዙ ሰው «ራስህን አነሳህ» ሲባል ይኖራል። ራሱ ምንም አላጠፋም። ወገቡ ነው የገፋው።

ብሩክ፦ ይሄ ለኔ አዲስ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ራስህን አትነቅንቅ» ነው የምባለው።

ሄለን፦ ከዚያ ዱላ ይዘህ መስታወት ፊት፣ አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ስዊንግ ሥራ። ዱላው ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ቁም። መስታወቱ በቀኝህ በኩል ሆኖ ስታየው የዱላው ራስና እጆችህ ተሸፋፍነው መታየት አለባቸው። ራሱ ከእጅህ ኋላ ከገባ ገና ከመነሻው ወደ ውስጥ ጎትተኸዋል። ሌላው ፎጣ ነው። ረጅም ፎጣ ደረትህ ላይ አሳልፈህ በሁለቱም ብብትህ ያዝ። ግማሽ ስዊንግ ስትሠራ ፎጣው ካልወደቀ ክንድህና ደረትህ አብረው እየዞሩ ነው።

ብሩክ፦ ስልክም አለ። ስልክ በነፃ የሚገኝ አሠልጣኝ ነው።

ሄለን፦ በትክክል ከተቀመጠ! ብዙ ሰው መሬት ላይ ያስደግፈዋል፣ ወይም ጓደኛው ከፍ አድርጎ በጎን ይቀርጸዋል። ያ ያሳስታል። ካሜራው በወገብ ከፍታ፣ ከዒላማው በተቃራኒ በኩል፣ በእጆችህ መስመር ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ ፊት ለፊት፣ ደረትህ አንፃር። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ። በስሜት የምናውቀው ነገር ከቪዲዮው ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ሰው እጅግ አጋንኖ የዞረ ሲመስለው ቪዲዮው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው የሚገኘው።

ብሩክ፦ አሁን ወደ እኔ ሜዳ እንምጣ። ዶም፣ ጣሪያ ያለው የመለማመጃ አዳራሽ። ሚኒሶታ ለዚህ የታደለች ናት። ኢዳይና ያለው ብሬማር ዶም የከተማው ነው፣ ውጭ በረዶ እየዘነበ አንተ በሸሚዝ ትመታለህ። ምቱን በስክሪን የሚያሳዩ ሲሙሌተሮችም በየቦታው ተከፍተዋል። እኔ ኳስ ካልመታሁ አይሆንልኝም።

ሄለን፦ አልቃወምም። ግን የማየውን ልንገርህ። ሰው አንድ ባልዲ ኳስ ይገዛል፣ ድራይቨር የሚባለውን ረጅሙን ዱላ ያወጣል፣ ባልዲው እስኪያልቅ ይደበድባል። ሲሙሌተር ላይ ደግሞ ስንት ያርድ ሄደ ብቻ ነው። የቆየ ስዊንጉን ነው እያጠናከረ ያለው።

ብሩክ፦ እስማማለሁ፣ ግን ማሽኑ ጥፋተኛ አይደለም። እንደ ትራክማን ዓይነቶቹ የዱላውን መንገድና የፊቱን አቅጣጫ በዲግሪ ያሳዩሃል። እኔ ርቀቱን ከስክሪኑ ላይ አስጠፍቼ እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው የማየው። ስላይስ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ መስታወት የለም። መንገዱ ወደ ግራ 6፣ ፊቱ ወደ ግራ 1 ከሆነ ኳሱ ለምን ወደ ቀኝ እንደታጠፈ ቁጥሩ ይነግርሃል።

ሄለን፦ እሱን ከሆነ የምታየው በደስታ። ምንጣፉን ግን ተጠንቀቅ። ዶም ውስጥ የምትመታው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ነው። ከኳሱ በፊት መሬት ብትመታም ዱላው ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋል። ጥሩ የመታህ ይመስልሃል። ሣር ላይ ያው ምት አፈር ይዞ ይቀራል። ከኳሱ ኋላ አንድ ስንዝር ላይ ትንሽ ፎጣ አንጥፍ። ፎጣውን ከነካህ ምቱ አይቆጠርም። ጠንካራ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ብዙ መምታት ክርንና አንጓ ይጎዳል። ሠላሳ ኳስ፣ በየመሀሉ ሁለት ሦስት የዝግታ ስዊንግ። ይበቃል።

ብሩክ፦ ስለ ሰውነትም እናንሳ። ከእኛ ሰው ብዙው ኡበር ይነዳል፣ ትራክ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ። ወገብና ዳሌ ይደርቃል።

ሄለን፦ የደረቀ ዳሌ አይዞርም። ዳሌ ካልዞረ እጅ ብቻውን ይሠራል፣ ወይም የታችኛው ጀርባ ይከፍላል። ለሹፌሮች የምለው፣ ተሳፋሪ ስትጠብቁ ውጡና መኪናውን ደገፍ ብላችሁ ደረታችሁን ግራና ቀኝ አዙሩ። ማታ ደግሞ ወለል ላይ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ወደ ላይ ማንሳት። ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ። ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ።

ብሩክ፦ ፑቲንግስ፣ ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ መግፋቱ? ምንጣፍ ያለው ቤት ሁሉ ግሪን፣ ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ ሣር፣ ነው።

ሄለን፦ አንድ ሜትር የሚሆን የብረት ማስመሪያ ግዛ። ጫፉ ላይ ኳስ አድርገህ ፑት አድርግ። ኳሱ ሳይወድቅ እስከ ጫፉ ከሄደ የፑተርህ ፊት ቀጥ ብሎ ነበር። በቃ፣ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ብሩክ፦ አሠልጣኝ መቼ?

ሄለን፦ አሁን! ሰው ኤፕሪል ላይ ነው አሠልጣኝ የሚፈልገው፣ ሊጫወት ሲል። ወረፋም አለ። አሁን አንድ ጊዜ ሄደህ «በዚህ ዊንተር የምሠራው አንድ ነገር ንገረኝ» በል። አንድ። አምስት ነገር ከነገረህ የትኛው እንደሚቀድም ጠይቀው። ከዚያ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሰህ አሳየው። ብዙ ገንዘብ አይደለም፣ አንድ አዲስ ድራይቨር ብዙ ሰዓት ትምህርት ይገዛል።

ብሩክ፦ በረዶው ሲቀልጥስ? የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ ሁሉም ይፈርሳል ብዬ ነው የምፈራው።

ሄለን፦ ጥቂቱ ይፈርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ስኮር ካርድ አትያዝ። ማምሻውን፣ ሰው ሲቀንስ፣ ብቻህን ወይም ከሚረዳህ ሰው ጋር ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫወት። ከእያንዳንዱ ምት በፊት አንድ የዝግታ ስዊንግ፣ ያንኑ ሳሎን የሠራኸውን። ግሪፕህን አይተህ ምታ። ወደ ግራ ከሄደብህ ደስ ይበልህ፣ ፊቱ መዘጋት ጀምሯል ማለት ነው። የሚቀጥለው ሥራ መንገዱ ነው።

ብሩክ፦ ስላይስ ለኖረበት ሰው ወደ ግራ የሄደ ኳስ ምሥራች ነው እያልሽ ነው።

ሄለን፦ እያልኩ ነው። ወደ ድሮው ግሪፕ እንዳትመለሱ ብቻ።

ብሩክ፦ በሚቀጥለው ክፍል ያገለገሉ ዱላዎች ስንገዛ ምን ምን ማየት እንዳለብን እናወራለን። ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልን። የስዊንግ ቪዲዮ የምትልኩ ደግሞ፣ ካሜራው በወገብ ከፍታ፣ በእጅ መስመር።

ሄለን፦ ከሁለቱም በኩል። ደኅና ሁኑ።