የሚደነብር ወጣት ፈረስን ማላመድ፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በስልክ ከደወሉ አድማጮች የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ የሆኑት በአንድ ላይ ተጠቃለዋል። መልሱን የሰጡት ፈረስ በመግራትና ጋላቢዎችን በማሠልጠን ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከእንጅባራ አካባቢ ነው። ልጄ 3 ዓመት ተኩል የሆነው ፈረስ አለው፤ በመጪው ጥር 23 ከፈረሰኞቹ ጋር ሊሰለፍበት ይፈልጋል። ፈረሱ ግን ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ፣ ባጃጅ ሲያልፍ ይደነብራል። በቀሩት ወራት ሊለምድ ይችላል?

መልስ፦ መልመዱን ይለምዳል፤ በመጪው ጥር ልጅዎ ተቀምጦበት ይሰለፍ ከተባለ ግን እኔ አልመክርም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚያከብረው ይህ ዓመታዊ በዓል ለተመልካች እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለወጣት ፈረስ ግን የሕዝቡ ጩኸት፣ የሚውለበለበው ባንዲራ፣ በጎኑ ሽው ብሎ የሚያልፈው ጋላቢ ሁሉ በአንድ ሜዳና በአንድ ሰዓት የሚገጥሙት ቀን ነው። በዚያ ላይ የ3 ዓመት ተኩል ፈረስ በቁመቱ ያደገ ቢመስልም አጥንቱ ገና ነው። የአከርካሪው አጥንት ዕድገቱን የሚጨርሰው ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ በመሆኑ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ጋላቢ ለአጭር ጊዜ በእርምጃና በሶምሶማ ቢቀመጥበት ጉዳት የለውም፤ የጉግስ ግልቢያና ድንገተኛ መታጠፍ ግን ይቆየው። ዘንድሮ ልጅዎ ፈረሱን ሳይጭን፣ በለኮ (በመሪ ገመድ) ይዞ፣ ዕድሜው ከገፋና ከማይበረግግ ፈረስ አጠገብ ከሜዳው ራቅ አድርጎ ቢያቆመው በዓሉን ለፈረሱ ትምህርት አደረገለት ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ያሉትን ወራት በሚገባ ለመጠቀም በመጀመሪያ ፈረሱ የሚያየውን መረዳት ያሻል። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በመሆናቸው አንገቱን ሳያዞር 350 ዲግሪ ያህል ዙሪያውን ያያል፤ የሚሰወሩት ከግንባሩ ፊት ያለው ጠባብ ቦታና በቀጥታ ከኋላው ያለው ብቻ ናቸው። ሆኖም በጎን የሚያየውን ነገር እንቅስቃሴውን እንጂ ምንነቱን አጥርቶ አይለይም፤ ስለዚህ በዓይኑ ጠርዝ ላይ ድንገት የተነቃነቀ ፌስታል ለእርሱ ሊዘልበት የተዘጋጀ አውሬ ሊሆን ይችላል። ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባም ዓይኑ ጨለማውን ለመልመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ዘሩ የተረፈው አስቀድሞ ሸሽቶ በኋላ በማጣራት በመሆኑ፣ ድንበራውን እንደ እምቢተኝነት መቁጠር ከመጀመሪያው መንገድ መሳት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከርቀት ነው። አንድ ሰው የተዘረጋ ጃንጥላ ይዞ ሜዳው ውስጥ ይቁም፤ ልጅዎ ፈረሱን በለኮ ይዞ፣ ፈረሱ ጃንጥላውን እያየ ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ሣር መንጨት የሚችልበትን ርቀት ይፈልግ። አንገቱን ሽቅብ ካቀና፣ ጆሮዎቹን ወደ ጃንጥላው ከቀሰረና አፍንጫውን ነፍቶ ሣሩን ከተወ በጣም ቀርቧል ማለት ነውና ጥቂት እርምጃ ይመለስ። ሣር መንጨት የማይችል ፈረስ መማርም አይችልም፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ እያለ እየጎተቱ ማስጠጋት የሚያስተምረው ሰውየው ወደ አደጋ የሚወስድ መሆኑን ብቻ ነው። ተረጋግቶ አንገቱን ዝቅ ባደረገባት ቅጽበት ግን ለኮውን አላልቶ፣ ዞር አድርጎ ከጃንጥላው ማራቅ ይገባል። ፈረስ የሚማረው ጫናው ከተነሣበት ቅጽበት ስለሆነ፣ ሲረጋጋ ዕረፍት ካገኘ መረጋጋትን፣ ሲጎትት ካገኘ ደግሞ መጎተትን ይይዛል።

ሌላው በጣም የሚጠቅመው ዘዴ የሚያስፈራውን ነገር ከፈረሱ እንዲሸሽ ማድረግ ነው። ጃንጥላውን የያዘው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ ፈረሱ ደግሞ ከኋላ ይከተለው። የሚሸሽ ነገር አያስፈራም፤ ብዙ ወጣት ፈረሶች ጥቂት ከተከተሉ በኋላ ራሳቸው ሊያሸቱት ይጠጋሉ። ባጃጁንም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ እንደ ቆመ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ከዚያ እየራቀ፣ በመጨረሻ ከፊት ለፊት ቀስ ብሎ እየመጣ። በግራ ጎኑ የለመደውን በቀኝ በኩል ሲያየው እንደ አዲስ ሊበረግግ ስለሚችል ሁሉም በሁለቱም ጎን ይደገም። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ በእሑድ ብቻ ሦስት ሰዓት ከማድከም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መሥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። ጎረቤቶቼ «ፈረስ ሲደነብር ወዲያው በአለንጋ ካልተመታ ይለምድበታል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈረሱ ድንጋዩን ፈርቶ ሲዘል በአለንጋ ከተመታ፣ በእርሱ ዘንድ ያሳመመው ድንጋዩ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድንጋዩንም ሕመሙንም ይጠብቃል። ይህ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ የሚባለው ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ይህንኑ አስተውሎ፣ ጋላቢው የሚያስፈራውን ነገር ራሱ ነክቶ እንዲያሳይና ፈረሱን በርጋታ እንዲያስጠጋው ይመክራል፤ በዱላ ማስገደድ ፍርሃቱን እንደሚያባብስም በግልጽ አስቀምጧል።

ስለ ልጓምም አንድ ነገር ልጨምር። ከአገጭ ሥር የብረት ቀለበት ያለው ባህላዊ ልጓም በረጋ እጅ የተያዘ እንደ ሆነ በጥቂት ምልክት ይሠራል፤ በደነገጠ ሰው እጅ ግን የፈረሱን አፍ ያደማል። ለሚደነብር ወጣት ፈረስ ቀለል ያለና መካከሉ ላይ የሚታጠፍ ልጓም እመርጣለሁ። ሽማግሌ ፈረሰኞች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ እነርሱ ግን ልጓሙን የሚይዙበት እጅ ዕድሜ ልኩን የሠለጠነ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ፈረስ መጋለብ እየተማርኩ ነው። ፈረሱ ደንብሮ ከጣለኝ ወዲህ ገና ስቀመጥ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ፈረሱም ከበፊቱ የባሰ ይደነብራል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ጥፋት ሳይሆን ሁለታችሁም አንዳችሁ የሌላውን ፍርሃት እየተቀበላችሁ ነው። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጉልበቱን ያጣብቃል፣ ወደ ፊት ይጎነበሳል፣ ዛቡን (ከልጓሙ እስከ እጁ ያለውን ጠፍር) ያሳጥራል። ፈረሱ በጀርባው ላይ የተቀመጠው ሰው ጡንቻ ሁሉ ሲገታተርና አፉ ሲያዝ ከተሰማው አንድ የሚያስፈራ ነገር መኖሩን ያረጋግጣል፤ አንገቱንም መዘርጋት ስለማይችል ማምለጥ ብቻ ይታየዋል።

ስለዚህ ከፈረሱ በፊት የሚሠራው የአቀማመጥዎ ነገር ነው። ለጥቂት ሳምንታት አሠልጣኝዎ በረጅም ገመድ ይዞ በሚያዞረው ረጋ ያለ አሮጌ ፈረስ ላይ ያለ ዛብ ይቀመጡ፤ ተረከዝዎ ወደ ታች፣ ትከሻዎ ከዳሌዎ በላይ፣ ዓይንዎ ወደ ፊት ይሁን። ትንፋሽዎን ወደ ውጭ በረጅሙ ያውጡ፤ ሰው እየዘፈነ ወይም ድምፁን አውጥቶ እየቆጠረ ትንፋሹን ሊይዝ ስለማይችል ይህ እጅግ ይረዳል። በፈረሱ አንገት ላይ የቆዳ ጠፍር ይታሰርልዎ፤ ፈረሱ ሲዘል ዛቡን ሳይሆን እርሱን ወይም ጋማውን ይያዙ።

ወደ ወጣቱ ፈረስ ሲመለሱ፣ የሚፈራውን ነገር አተኩረው አይመልከቱ፤ እርስዎ ባፈጠጡበት አቅጣጫ ሰውነትዎ ይዞራልና። የፈረሱን አንገት ከሚያስፈራው ነገር ጥቂት ወደ ውጭ ዞር አድርገው፣ በእግርዎ እየገፉ በእርምጃ ይለፉት። ሮጦ ሊያመልጥ ከጀመረ ሁለቱንም ዛብ መጎተት ዋጋ የለውም፤ በአንድ ዛብ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን አዙረው ክቡን እያጠበቡ ያቁሙት። ይህ ግን በሰፊ ሜዳ እንጂ በገደል አፋፍና በጠባብ መንገድ የሚሞከር አይደለም፤ አስቀድሞም በእርምጃ እያለ ሊለማመድ ይገባል። ከኮርቻ ወርዶ በእግር መምራትም ሽንፈት አይደለም።

የራስ ቁር ያለ ምንም ክርክር ይደረግ። ጫማም ተረከዝ ያለው ይሁን። የቀድሞ ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ በትንሽ እርካብ ስለሚያስገቡ ሲወድቁ እግራቸው በቀላሉ ይለቅ ነበር፤ በዘመናዊው ሰፊ እርካብ ላይ ግን ለስላሳ ጫማ ሾልኮ ሊያልፍና ጋላቢውን ሊያስጎትት ይችላል።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ላይ የምሠራ ባለ ጋሪ ነኝ። ፈረሴ 4 ዓመቱ ነው፤ ገራም ነበር፤ ከአንድ ወር ወዲህ ግን ልጓም ስናስገባ ራሱን ይወረውራል፣ በመንገድም ይበረግጋል።

መልስ፦ ድንገት የመጣ ድንበራ አስቀድሞ ሕመም እንደ ሆነ ይጠርጠር። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚለውጠው በግምት በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ሲሆን፣ በእነዚሁ ዓመታት የመንጋጋ ጥርሶቹም ይለወጣሉ፤ የእርስዎ ፈረስ በዚህ መካከል ነው። ከልጓሙ ብረት አጠገብ የምትበቅል ትንሽ ትርፍ ጥርስ ብትኖር ብረቱ በነካት ቁጥር ታሳምመዋለች። በተጨማሪ የጀርባውንና የደረቱን ቆዳ ጠፍሩ በሚያርፍበት ላይ በመዳፍዎ እየጫኑ ይዩ፤ ዓይኑም ደመና ለብሶ ወይም እያነባ እንደ ሆነ ይመልከቱ። በአንድ ዓይኑ የማያይ ፈረስ በዚያ ጎን ሁሌ ይደነብራል። በከተማዎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በዚያው ለጋማ ከብት የሚሠሩ ሐኪሞች ስላሉ እስከሚታይ ድረስ ጋሪ ባይጭኑበት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂንያ ነው። የ12 ዓመት ልጄ መጋለብ ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት ነው። «ከልጅቷ ጋር አብሮ ይማራል» ተብዬ የ4 ዓመት ፈረስ ልገዛላት ነበር።

መልስ፦ አይግዙ። ጀማሪና ጀማሪ አንዱ ሌላውን አያስተምርም፤ አንደኛው ሲደናገጥ ሌላኛው የሚደገፍበት የለውም። ከ10 ዓመት በላይ የሆነና ብዙ ልጆች የጋለቡት ፈረስ ይፈልጉላት፤ ወጣቱን በሌላ ጊዜ ታገኘዋለች።

ጥያቄ፦ ፈረሱ እንዳመነኝ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የሚደነግጥ ፈረስ ሁሉ አያምንም ማለት አይደለም፤ ጋላቢውን ያመነም ፈረስ ይደነግጣል። ልዩነቱ ከደነገጠ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። በፊት አሥር እርምጃ ይሮጥ የነበረ አሁን በቦታው ተንቀጥቅጦ ከቆመ፣ አንድ ጆሮውንም ወደ እርስዎ ከመለሰ፣ ከዚያም ከንፈሩን እያላመጠ አንገቱን ዝቅ ካደረገ ሥራው እየያዘ ነው። ቀጥሎ የሚፈተነው ከሌሎች ፈረሶች ተለይቶ ብቻውን ከበረት ሲወጣ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሄደው ይመለሱ፤ በሚቀጥለው ጥቂት ይጨምሩ፤ ሲመለሱም ሁልጊዜ በእርምጃ ይሁን እንጂ ወደ ቤት እየጋለቡ አይግቡ።