ከኦዲት ሥራ ወደ መልክዐ ምድር ጽሑፍ፦ «ውብ» የሚለው ቃል የሞላው ደብተር

እሱ፦ አድማጮቻችን እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ለዓመታት የቆየበትን ሙያ ትቶ ስለ እግር ጉዞና ስለ መልክዐ ምድር ወደ መጻፍ የሚዞር ሰው ሥራውን መቼ መልቀቅ እንዳለበትና በምን ገቢ እንደሚኖር እንወያያለን። ይህን ዝግጅት አብራኝ የምታቀርበው እህቴ በመንገዱ ራሷ ስላለፈችበት አብዛኛውን ሰዓት ለእርሷ እለቅላታለሁ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን፤ ሥራሽን መቼ ለቀቅሽ?

እሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ መልቀቄ ከመናገሬ በፊት ስለ መጀመሪያው ደብተሬ ላጫውትህ፤ እርሱን ካልሰማህ የቀረው ነገር አይገባህም። 14 ዓመት የውስጥ ኦዲተር ሆኜ ስሠራ የዕረፍት ቀኖቼን በእግር ጉዞ ነበር የማሳልፈው። ለመጻፍ በቆረጥኩ ጊዜ አንድ ደብተር ገዛሁና የወንዝ ዳር ይዞ ሽቅብ በሚወጣ መንገድ ለአራት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ። ያየሁት ሁሉ ልቤን ስለነካው በየመቶ እርምጃው እየቆምኩ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያ ማስታወሻ አንድ ድርሰት ላወጣ ደብተሩን ስከፍተው በአራት ገጽ ውስጥ «ውብ» የሚለውን ቃል 11 ጊዜ አገኘሁት። ስለ መንገዱ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ወንዙ በግራዬ ይሁን በቀኜ እንኳ ከደብተሩ ላውቅ አልቻልኩም።

እሱ፦ 11 ጊዜ! አራት ሰዓት ተጉዘሽ በእጅሽ የቀረው አንድ ቃል ነዋ።

እሷ፦ አዎን፣ በጣምም አዘንኩ። በመሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰነድ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም ነበር። ገንዘብ ያዡ «ካዝናው ደኅና ነው» ብሎ ቢጽፍልኝ፣ በየትኛው ቀን ተቆጠረ፣ ማን ቆጠረው፣ ስንት ተገኘበት ብዬ እጠይቀዋለሁ። ከሰው የምጠይቀውን ማስረጃ ከራሴ ሳልጠይቅ መቅረቴ ነው ያሳዘነኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው መንገድ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ንብረት ልቆጥር እንደተላከ ሰው ሆኜ ነው የሄድኩት። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስም ጻፍኩ። ከዚያም በወንዙ መካከል አንድ ትልቅ ድንጋይ ካለበት ስደርስ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ።

እሱ፦ ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ስታዪ?

እሷ፦ ድንጋዩንና ውኃውን። ውኃው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። በግራ የሚያልፈው ጥልቅ ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ በቀኝ የሚያልፈው ግን ጠጠር ላይ ስለሚሮጥ ይንሿሿል። ከድንጋዩ ጀርባ ደግሞ ውኃው ወደመጣበት ተመልሶ ይዞራል፤ አንድ ደረቅ ቅጠል እዚያ ገብቶ ሰባት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው መውጫ ያገኘው። በዚያ ሥፍራ ውኃው ስለሚዝል የተሸከመውን ደለል ይጥላል፤ በደለሉ ላይም ጣት የሚያህል ሣር በቅሏል። ከዚያ ከፍ ብሎ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ ጥቂት እንደሄደ እንደገና ይገጥማል፤ ቀርቤ ሳየው በአሮጌው መስመር ላይ ውኃ ተኝቶበታል። ተጓዡ ጭቃውን እየሸሸ በዳር በኩል ሲያልፍ ሣሩ ተረግጦ ሞተ፤ እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው መንገድ ተፈጠረ። ያን ቀን ደብተሬ ውስጥ «ውብ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አልገባም፤ ነገር ግን ዛሬም ድረስ ያን ገጽ ስገልጥ ሥፍራው ፊቴ ድቅን ይላል።

እሱ፦ ሰባት ጊዜ የዞረውን ቅጠል እኔም አየሁት። ነገር ግን እህቴ፣ በዚህ ላይ አልስማማም። እኔ እየተጓዝኩ ብጽፍ ጉዞው ይበላሽብኛል። ዓይኔ ከመንገዱ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ መንገዱ ሲመላለስ እግሬ ምቱን ያጣል። ቤት ገብቼ ማታ ብጽፈው አእምሮዬ የሚረባውን አስቀርቶ የማይረባውን ይጥልልኛል።

እሷ፦ አእምሮህ የሚያስቀርልህ የሚረባውን ሳይሆን የለመደውን ነው። የኔ አእምሮ ከአራት ሰዓት ጉዞ ያስቀረልኝን ነገርኩህ እኮ። የእንግሊዛዊውን ባለቅኔ የዊልያም ዎርድስዎርዝን እኅት ዶሮቲን ተመልከታት፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ከዚሁ ከወንድሟ ጋር በሰሜን እንግሊዝ አልስዎተር በሚባለው ሐይቅ ዳር ስትጓዝ ዳፎዲል የተባሉትን ቢጫ አበቦች አየች። በዕለት ማስታወሻዋም ነፋሱ ብርቱ እንደነበረ፣ ከአበቦቹ አንዳንዶቹ እንደደከመው ሰው ራሳቸውን ድንጋይ ላይ ጣል እንዳደረጉ፣ ሌሎቹ ግን በነፋሱ ይጨፍሩ እንደነበር ጻፈች። ወንድሟ ስለ እነዚያው አበቦች የገጠመውን ግጥም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። በግጥሙ ውስጥ ደራሲው ብቻውን ነው፤ በእኅቱ ማስታወሻ ውስጥ ግን ነፋሱም፣ ድንጋዩም፣ አብሮ የሄደውም ሰው በየቦታቸው አሉ። እኔ ከሁለቱ መምረጥ ቢኖርብኝ የእርሷን ገጽ እመርጣለሁ።

እሱ፦ እርሷም ብትሆን በነፋሱ ውስጥ ቆማ የጻፈች አይመስለኝም፤ ተመልሳ ነው የጻፈችው። ምሳሌሽ እኔንም ይደግፈኛል።

እሷ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ቁጥሩን፣ አቅጣጫውንና ስሙን እዚያው በቁሜ እጽፋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ለማታ እተወዋለሁ ብልህ ይሻላል። ብቻ ለማታ የሚተወው ነገር ከአንድ ሌሊት ማለፍ የለበትም።

እሱ፦ እኔ አሁንም ያለ ደብተር መሄዴን አልተውም፤ ይህንን ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ግን ይህን ሁሉ እየቆምሽ ስትቆጥሪ መሽቶብሽ አያውቅም? ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ እኔ በእርሱ ነው የምጓዘው።

እሷ፦ እኔም ስነሣ በእርሱ አሰላለሁ፤ ከዚያ የወጣውን ሰዓት በሁለት አባዛዋለሁ። 10 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ሽቅብ ጋር በስሌቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ለእኔ ስድስት ሰዓት ነው። ስሌቱ የዕረፍትን ሰዓት እንኳ አይጨምርም፤ ለሚጽፍ ሰው ግን ዋናው ሥራ ያለው በቆመበት ነው።

እሱ፦ አሁን ግን ወደ ርእሳችን ካልተመለስን ሰዓቱ ሊያልቅብን ነው። ሥራን የመልቀቁ ነገር እንዴት ነው? እኔ መልቀቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አልፍሬድ ዌይንራይት እንዳንቺው የሒሳብ ሰው ነበረ፤ በእንግሊዝ ኬንዳል ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ የገንዘብ ኃላፊ ሆኖ እየሠራ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በትርፍ ጊዜው 214 ከፍታዎችን የሚገልጹ ሰባት መጻሕፍት በእጅ ጽሑፉና በእጁ ሥዕል አዘጋጀ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1966 ታተመ፤ እርሱ ጡረታ የወጣው ግን በዓመቱ ነው። ደመወዙ ሳይቋረጥ ሥራው ተፈጸመ።

እሷ፦ ዌይንራይትን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ያን ጽናት ይዞ አይፈጠርም። ስለ ተፈጥሮ በመጻፍ የታወቀው ጆን ሚዩር እ.ኤ.አ. በ1867 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ በአንድ የሠረገላ ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራ ሞረድ አፈትልኮ ዓይኑን ወጋውና ለሳምንታት በጨለማ ክፍል ተኛ። ብርሃኑ ሲመለስለት ግን ፋብሪካውን ትቶ እስከ ፍሎሪዳ ድረስ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። እኔም ሥራዬ ላይ ሳለሁ ማታ ደክሞኝ ስገባ ቀን ሙሉ ሰነድ ያየ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አይፈልግም ነበር። መልቀቅ ነበረብኝ፤ አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ።

እሱ፦ ታዲያ በምን ኖርሽ?

እሷ፦ ጽሑፍ የሚከፈልበት አንድ ጊዜ ነው፤ ለአንዱ ጽሑፍ ግን እኔ ሦስት ጊዜ እጓዛለሁ። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ እዘጋ ነበር፤ ዛሬም እዘጋለሁ።

እሱ፦ እንግዲያው አልለቀቅሽም!

እሷ፦ ሦስት ቀን ለቅቄአለሁ። ሦስቱ ቀን ለእኔ ብዙ ነው።

እሱ፦ በዚህ ብንከራከር አንጨርስም። ይልቅ ከመሰነባበታችን በፊት ካለፈው ቅዳሜ ማስታወሻሽ አንድ ነገር አንብቢልን።

እሷ፦ «ጠዋት 1፡40። ነፋስ የለም። ከድንጋዩ ካብ ሥር ያለው መሬት ገና እንደረጠበ ነው፤ ካቡ ላይ አንድ እንሽላሊት ከሁለት ድንጋዮች መካከል ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ፀሐይ እስኪደርስባት ትጠብቃለች። ብርሃኑ እርሷ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።»

እሱ፦ ደረሰባት?

እሷ፦ አልጻፍኩትም። ከእርሷ በፊት ተነሥቼ ሄድኩ።

እሱ፦ ታዲያ ቅዳሜ ትመለሻለሽ ማለት ነው።

እሷ፦ እመለሳለሁ፤ በዚያው በ1፡40።