ኢቅሪት፦ ለቀብር ብቻ የምትከፈት መንደር

[ምስል፦ በሰሜን ገሊላ አንድ ኮረብታ፤ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ጽሑፍ በስክሪን፦ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው]

ተራኪ፦ ይህች ኢቅሪት ናት፤ ከሊባኖስ ድንበር አጠገብ። ከቤተ ክርስቲያኗና ከመቃብሩ በቀር የተረፈ የለም።

በኖቬምበር 1948 የእስራኤል ጦር ነዋሪዎቹን «ለ15 ቀን ብቻ ውጡ» አላቸው። ክርስቲያን ገበሬዎች ናቸው፤ ሳይዋጉ እጅ ሰጥተዋል። ወጡ። 15 ቀኑ ቢያልፍም የሚመልሳቸው ጠፋ። የእስራኤል ዜግነት ነበራቸውና ከሰሱ፤ በጁላይ 1951 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ጦሩ ቤቶቻቸውን በፈንጂ አፈረሰ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ፍርድ ቤት የረቱ ሰዎች ናቸው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ሙታናቸውን እዚያው እንዲቀብሩ ተፈቅዶላቸዋል። መኖር ግን ክልክል ነው። በ2012 የልጅ ልጆቻቸው ቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ በየተራ ማደር ጀመሩ፤ የተከሉት ችግኝ ሳይቀር ተነቀለባቸው።

ለምን? በ1972 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የጎልዳ ሜየር መንግሥት ጥያቄያቸውን ሲገፋ፣ ለእነሱ ከተፈቀደ ሌሎቹም ይጠይቃሉ የሚል ስጋት ነበረው።

[ምስል፦ የስደተኞች ካምፕ ጠባብ መንገድ]

«ሌሎቹ» እነማን ናቸው? በ1948ቱ ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን። ነክባ፣ ማለትም «ታላቁ ጥፋት» ይሉታል። ዛሬ ከነዘሮቻቸው በተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት በኡንርዋ የተመዘገቡት ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ ከጋዛ ሕዝብም አብዛኛው ከእነሱ ወገን ነው። ጋዛ ውስጥ «ልቀቁ» የሚል ትእዛዝ ሲሰማ ሰው ሁሉ 1948ን የሚያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ለእነሱ ነክባ ያበቃ ታሪክ አይደለም።

እስራኤል ሁሉም ከተመለሱ የአይሁድ አብላጫነት ያከትማል ትላለች። ቁጥሩን ላየ ስጋቱ ይገባል፤ የኢቅሪትን ፍርድ ግን አይሽርም።

[ምስል፦ ራማላህ፣ ወጣቶች]

ስለ ነገ ፍልስጤማውያን አንድ ሐሳብ የላቸውም። የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት፣ ፒኤልኦ፣ በ1988 ከእስራኤል ጎን የሚቆም የራስ አገርን መንገድ ተቀበለ። ከእስራኤል ጋር የተፈረመው የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነት የስደተኞቹን ጉዳይ ለመጨረሻው ድርድር አቆየው፤ ያ ድርድር ዛሬም አልተቋጨም። በዌስት ባንክ የአይሁድ ሰፈራ ሲስፋፋ እያዩ ያደጉ ብዙ ወጣቶች ሁለት አገር የሚባለውን ማመን ቸግሯቸዋል። ከፊሉ በአንድ አገር እኩል መብት ይላል፤ ከፊሉ ከ1967ቱ ጦርነት በፊት በነበረው ድንበር የራስ አገር፤ የትጥቅ ትግልን የሚመርጥም አለ። የትኛው እንደሚበዛ በድምፅ እንዳይለይ፣ የመጨረሻው የፓርላማ ምርጫ የተካሄደው በ2006 ነው። ከ1988 በኋላ የተወለደ የጋዛ ወይም የዌስት ባንክ ሰው ለፓርላማ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።